ከቦሩ ሜዳ ወደ ሐረር፦ የአንድ የካቶሊክ ቁምስናና የትምህርት ቤቱ ታሪክ

ደሴ ላይ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ክቡራን ካህናትና ሼኾች፣ ውድ መምህራንና ተማሪዎች፤

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሐረር ከተማ የመጀመሪያው የካቶሊክ ቁምስና፣ ማለትም አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ እና ከእርሱ ጋር ስለተተከለው ትምህርት ቤት ነው። የሐረርን ታሪክ ደሴ ላይ መተረክ ቦታውን የሳተ ይመስል ይሆናል። ሆኖም የሐረሩ ሚሲዮን መነሻ ከዚህ ከተማ በስተሰሜን፣ በእግር የሚደረስበት ቦሩ ሜዳ ነው። ከዚያ ሚሲዮን የወጡ አንድ ኢትዮጵያዊ ቄስ ያስተማሩት ልጅ ደግሞ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ፣ የውጭ ሚሲዮኖች በመላ አገሪቱ ምን እንዲሠሩ እንደሚፈቀድላቸውና ምን እንደሚከለከሉ የሚደነግገውን ሕግ አወጣ። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከመቅደሷ ይልቅ በትምህርት ቤቷ የምትታወቅበት ምክንያት ከዚህ የታሪክ ሰንሰለት ውስጥ የሚገኝ ይመስለኛል፤ የዛሬው ሐሳቤም ይኸው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ትምህርትና ቤተ መቅደስ በአንድ ግቢ መኖራቸው ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያህል ሰው ያፈራ ነው፤ በእስልምናውም በኩል በዳናና በጌታ ደረሳው ከሼኹ እግር ሥር ተቀምጦ ኪታብ ሲቀራ ኖሯል። ካቶሊኮቹ ይዘው የመጡት ትምህርትን ራሱን ሳይሆን ሌላ ዓይነት ትምህርት ነበር፤ ካህን ወይም ሼኽ ለመሆን ያላሰበ ልጅም ገብቶ የውጭ ቋንቋ፣ ሒሳብና የእጅ ሙያ የሚማርበት ትምህርት ቤት። ይህ ልዩነት ለኋላው ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ነገሥታቱ ሚሲዮናውያኑን ሲፈልጓቸው ለዚህኛው ትምህርት፣ ሲያባርሯቸው ደግሞ ለሃይማኖታቸው ነበርና።

የካቶሊክ ሃይማኖት ወደ አገራችን የገባበት የመጀመሪያው ታሪክ የከፋ ጠባሳ ትቶ ያለፈ ነው። ኢየሱሳዊው ፔሮ ፓይስ እ.ኤ.አ. በ1603 ገብቶ አድዋ አጠገብ በፍሬሞና ተቀመጠ፤ በዚያም የፖርቱጋል ወታደሮችን የልጅ ልጆች ያስተምር ነበር። በማግሥቱ ዓመት ዐፄ ዘድንግል ሲያስጠሩት ያስተማራቸውን ሁለት ልጆች አስከትሎ ሄደ፤ ልጆቹም ስለ ሃይማኖታቸው የተጠየቁትን ሁሉ ሳይደናገጡ በመመለሳቸው የቤተ መንግሥቱ ሰው ተገረመ ይባላል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ሲገልጹና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፓትርያርኩ አፎንሶ መንዴዝ ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። መንዴዝ የአገሩን ሥርዓተ ቅዳሴ፣ ጾሙንና ክህነቱን ሳይቀር እንደ ስሕተት ስለቆጠሩት አገር በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰ፤ በ1632 ንጉሡ አዋጁን ሽረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፣ ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ። ፓይስ በልጆች የጀመረውን መንዴዝ በአዋጅ ሊጨርሱት ሞክረው የነበረውንም አጠፉት ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል «ካቶሊክ» የሚለው ቃል በሰሜኑ ሰው ጆሮ ደም ደም ይሸት ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመለሱት ሚሲዮናውያን ከዚህ ስሕተት የተማሩ ነበሩ፤ ቢያንስ ከመካከላቸው የተሻሉት። ላዛሪስት ከሚባለው የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር የሆኑት ጣሊያናዊው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ የአገሩ ሰው አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1839 አድዋ ገብተው የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ ለአገሩ ሰው የሚቀደሰውም በግዕዝ እንዲሆን ፈለጉ። አዲግራት አጠገብ ጓላ ላይ የከፈቱት ትምህርት ቤት ደግሞ ኢትዮጵያውያን ካህናትን የሚያወጣ ነበር። የዚያ ዘመን ትልቁ ሰው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከእርሳቸው ይልቅ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው፦ ጎጃም ተወልደው በመርጡለ ማርያም ገዳም የመነኮሱ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ መጻሕፍትን ያገላበጡ ሊቅ። ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ግብፅ ተጉዘው፣ ተከራክረው፣ መርምረው ካቶሊክ ከሆኑ በኋላ በእርጅናቸው በሰንሰለት ታስረው ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲጎተቱ እ.ኤ.አ. በ1855 በመንገድ ላይ ሞቱ። ሃይማኖታቸውን የማይቀበል ሰው እንኳ ይህ ሰው ተገዝቶ ወይም ተታልሎ የገባ ነው ለማለት ይቸገራል።

ወደ ሐረር የሚያደርሰን መስመር ግን የሚጀምረው ከካፑቺን ገዳማውያን ነው። ጉልየልሞ ማሳያ፣ ሕዝቡ አባ ማስያስ ያላቸው፣ በኦሮሞ አገር እንዲያስተምሩ ጵጵስና ተሹመው እ.ኤ.አ. በ1846 ምጽዋ ደረሱ፤ ወደ ጉዱሩ ለመግባት ግን 1852ን መጠበቅ ነበረባቸው። በየደረሱበት ቤተ ክርስቲያን ከመትከላቸው በፊት ሰውን የሚያስመጣላቸው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ፈንጣጣ ነው። በዚያ ዘመን ፈንጣጣ በገባበት መንደር ከሞት የተረፈው ፊቱ ተበሳስቶ ወይም ዓይኑ ጠፍቶ ይቀር ነበር። አባ ማስያስ የሰዉን ክንድ በስለት ጫር አድርገው የክትባቱን ፈሳሽ ያስገቡበታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቁስሉ መግሎ ይደርቅና ጠባሳ ይተዋል፤ ያ ጠባሳ ያለበት ሰው ወረርሽኙ ሲመጣ አይነካም። ይህን ያየ እናት አባት ልጁን ይዞ ሌሊት ሳይቀር ይሰለፍ ነበር፤ ለዚህም ነው ስማቸው ከፈንጣጣ ጋር ተያይዞ የቀረው። ለእርሳቸው ግን ክትባቱ በር መክፈቻ እንጂ ዋናው ሥራ አልነበረም። ዋናው ሥራቸው ከየአገሩ የሰበሰቧቸውን ወጣቶች ማስተማርና ማሠልጠን ነበር። የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1867 ፓሪስ ላይ አሳትመዋል፤ በፈረንሳይ ማርሴይ ከተማም ለኦሮሞ ወጣቶች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1868 ሸዋ ሲደርሱ ንጉሥ ምኒልክ በክብር ተቀብለው ፊንፊኔ ላይ መሬት ሰጧቸው። ምኒልክ ሃይማኖታቸውን አልፈለጉም፤ የፈለጉት ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኛቸው፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው፣ ስለ ሩቁ ዓለም የሚነግራቸው ሰው ነበር። እንግዳውን ለሙያው እያስጠጉ በእምነቱ ግን መጠንቀቅ በእርሳቸው አልጀመረም፤ በእርሳቸውም አላበቃም።

እንግዲህ ወደ ቦሩ ሜዳ እንምጣ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሰሜኑን አገር አስገብረው ፊታቸውን ወደ ሸዋ ባዞሩ ጊዜ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ከምኒልክ ጋር ታረቁ፤ ከእርቁ ነጥቦች አንዱ የውጭ ሚሲዮናውያን ከሸዋ እንዲወጡ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሁለቱም ከነሊቃውንቶቻቸው እዚህ ቦሩ ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ። ክርክሩ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በነበሩ ወገኖች መካከል ነበር፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሚለያዩት በተዋሕዶ፣ በቅባትና በጸጋ ልጅ። ዐፄ ዮሐንስ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ አስነብበው ተዋሕዶን አጸኑ። የወሎ እስላም መኳንንትም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ የሆኑት፣ ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም የተባሉት ከዚህ ጉባኤ በኋላ ነው። ዐፄ ዮሐንስን ብዙዎቻችን የምናነሣቸው በመተማ ነው፤ ወሎ ግን በቦሩ ሜዳ ያነሣቸዋል፣ ሁልጊዜም በምስጋና አይደለም።

ካቶሊኮቹ በዚህ ጉባኤ ተከራካሪ አልነበሩም፤ ውጤቱ ግን እነርሱንም አገኛቸው። አንድ አገር፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሃይማኖት የሚለው ፖሊሲ ከጸና በኋላ ምኒልክ አባ ማስያስን ሊያስጠጉ አልቻሉም። በ1871 ዓ.ም. አባ ማስያስ፣ አቡነ ታውሪን ካኻኝና ሌላው ባልደረባቸው ላሴር ከሸዋ ወጥተው ደብረ ታቦር ድረስ ዐፄ ዮሐንስ ዘንድ ቀረቡ፤ ከዚያም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሸኙ። አባ ማስያስ በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሞልቷቸው ስለነበር ዳግመኛ አልተመለሱም፤ ሮም ላይ ካርዲናል ተብለው እ.ኤ.አ. በ1889 ዐረፉ። አቡነ ታውሪን ግን ተስፋ አልቆረጡም። በክርስቲያኑ ንጉሥ ግዛት በምዕራብ የተዘጋባቸው በር በምሥራቅ፣ በእስላም ከተማ ተከፈተላቸው፤ በ1881 እ.ኤ.አ. ሐረር ገቡ።

ይህን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ሐረር ለዘመናት ክርስቲያን በጁገል ውስጥ ያለ ፈቃድ የማያድርባት፣ የዑለማ ከተማ ነበረች። ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የግብፅ ጦር ይዟት ስለነበር የከተማይቱ በር ለውጭ ነጋዴዎች ተከፍቶ ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ይገባ ነበር፤ ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው አርቱር ራምቦም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ግብፆች ካቶሊኮቹን የታገሷቸው ወደዷቸው ሳይሆን ከፈረንሳይና ከጣሊያን መንግሥታት ጋር መጣላት ስላልፈለጉ ነው። አቡነ ታውሪን በዚህ ክፍተት ተጠቅመው በከተማይቱ ውስጥ ቤት ያዙ፤ ጸሎት ቤቱና ትምህርት ቤቱም አንድ ላይ ተጀመሩ።

ልጆቹ እነማን ነበሩ? ባለ ጸጋ ነጋዴ ወይም የዑለማ ቤተ ሰብ ልጁን ለካቶሊክ ቄስ አይሰጥም። የሐረር መንገድ ግን የባሪያ ንግድ መተላለፊያም ነበር። ከኦሮሞና ከደቡቡ አገር ተሰርቀው ወይም በጦርነት ተማርከው ወደ ዘይላና ታጁራ ወደብ የሚነዱ ልጆች በከተማይቱ ገበያ ያልፉ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከእነዚህ መካከል አቅማቸው የፈቀደውን ያህል ከፍለው ነጻ ያወጡ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርትም በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ዛሬ ይህን አሠራር «ልጅን ከዕዳ አውጥቶ ወደ ሌላ ግዴታ ማስገባት ነው» ብሎ የሚተች ሊኖር ይችላል፤ ትችቱም ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ከወደብ መርከብና ከትምህርት ቤት ወንበር የትኛው ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ከዚያ ልጅ ቦታ ሆኖ መመለስ ይገባል። እነዚህ ልጆች ከየአገራቸው ያመጡት ኦሮምኛ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ መግባቢያ ሆነ፤ ፈረንሳይኛውና ላቲኑ በላዩ መጡ። አናጢነት፣ ግንባታና የአትክልት ሥራም አብረው ይማሩ ነበር።

ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1885 ሲወጡ አሚር ዓብዱላሂ ሥልጣን ያዙ፤ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገዋቸው ከተማይቱን ለደጃዝማች፣ ኋላ ራስ፣ መኮንን ሰጡ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ከሸዋ የተባረሩት ሚሲዮናውያን የምኒልክ ጦር ሐረር ድረስ ተከትሏቸው መጣ ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህኛው ጊዜ ጦሩ የመጣው ሊያባርራቸው አልነበረም። ራስ መኮንን ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገሩ፣ ወደ ጣሊያንም ተልከው የነበሩ ሰው ስለሆኑ ሚሲዮኑን እንደ ቋንቋ ቤትና እንደ ወሬ ምንጭ ይጠቀሙበት ነበር። አቡነ ታውሪን እ.ኤ.አ. በ1899 እዚያው ሐረር ዐረፉ፤ በእግራቸው የተተኩት ከ1882 ጀምሮ በሐረር የኖሩት አባ እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው፤ በ1900 ጵጵስና ተሾሙ።

አቡነ እንድርያስ በሐረር ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። በዘመናቸው ሚሲዮኑ ከአንድ ግቢ ወጥቶ ሰፋ፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ተቋቋመ፣ ከዚያም ጋር የተያያዘው ማተሚያ ቤት ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይኛ ጋዜጣ አወጣ። በአገራችን የጋዜጣ ታሪክ ሲነገር ሁሉም ከአዲስ አበባ ይጀምራል፤ የሐረር ሥጋ ደዌ መንደር ማተሚያ ግን እምብዛም አይወሳም። ባቡሩ ድሬ ዳዋ ከደረሰ በኋላም ለምድር ባቡሩ፣ ለጉምሩኩና ለፖስታው ፈረንሳይኛ የሚችል ጸሐፊ ሲፈለግ የሚሲዮኑ ተማሪ የሚፈለግ ሰው ሆነ። ትምህርት ቤቱን በከተማው ዘንድ ያስከበረው ስብከቱ ሳይሆን ይኸው እንጀራው ነው።

ከሁሉ የበለጠው ፍሬው ግን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ፣ በሚሲዮኑ ያደጉና የተማሩ፤ ግዕዙንም አማርኛውንም ፈረንሳይኛውንም የያዙ ሰው ነበሩ። ራስ መኮንን ለልጃቸው ለተፈሪ፣ ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለተባሉት፣ የውጭ ቋንቋ መምህር እንዲሰጧቸው አቡነ እንድርያስን ሲጠይቁ የተሰጧቸው አባ ሳሙኤል ናቸው፤ በፈረንሳይኛው ትምህርት ከጓድሉፕ የመጡት ሐኪም ዶክተር ቪታልየንም ይረዱ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ራስ መኮንን ያደረጉት ክፍፍል ነው። ልጁ ዳዊቱንና ሃይማኖቱን ከኦርቶዶክስ ካህናት፣ ዓለማዊውን ዕውቀት ከካቶሊኩ ቄስ እንዲማር አደረጉ፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዲነካ አልተፈቀደም። ልጁም ይህን ድንበር አደገበት።

አባትየው በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ካረፉ በኋላም የመምህርና የተማሪው ግንኙነት አልተቋረጠም። ተፈሪ የሐረር ገዥ ሆነው ሳሉ በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ የተሳፈሩበት ጀልባ ውኃ ገብቶበት ሰጠመ። ተፈሪ በሕይወት ወጡ፤ አባ ሳሙኤል ከሰጠሙት መካከል ነበሩ። በሐረርጌ ሲነገር የኖረው ቄሱ ተማሪያቸውን ለማዳን ሲታገሉ ሞቱ የሚል ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በኋላ ዘመን ስለ መምህራቸው ትሕትናና ዕውቀት በጽሑፍ አመስግነዋል፤ ከዙፋን ላይ ያለ ሰው ለአንድ ካቶሊክ ቄስ በአደባባይ ውለታ መቁጠሩ በአገራችን ታሪክ የተለመደ አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልመለስ። ደሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ከአየር ተደብድባ፣ በሚያዝያ ወር በጣሊያን ጦር ተያዘች። በሐምሌ 22 ቀን የወሎው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተረሸኑ። ከዚያ በስምንተኛው ወር፣ በመጋቢት 1929 ዓ.ም.፣ ሮም የደሴን ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ፣ ማለትም ገና ሀገረ ስብከት ያልሆነ የሚሲዮን አስተዳደር ክልል፣ አቋቋመች፤ ይህች ከተማ በካቶሊክ አስተዳደር ካርታ ላይ በስሟ የሰፈረችው ያኔ ነው። እነዚህን ሁለት ቀናት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደስ አይልም፤ ቀናቱን ያስቀመጠው ግን ታሪኩ ራሱ ነው። የአገሩ ጳጳስ ደም ሳይደርቅ የመጣ መዋቅር፣ ያመጡት ሰዎች በግላቸው ምንም ያህል ቅን ቢሆኑ፣ በወሎ ሰው ዘንድ የወራሪው አካል ተደርጎ መታየቱ አይቀሬ ነበር።

የወረራው መንግሥት ለካቶሊኮቹም ቢሆን ሚዛኑ ዜግነት እንጂ ሃይማኖት አልነበረም። በሐረር ለሃምሳ ዓመታት ያስተማሩት ፈረንሳውያን ካፑቺኖች ተባርረው በጣሊያኖች ተተኩ፤ ሽማግሌው አቡነ እንድርያስም በ1938 እ.ኤ.አ. ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፣ በ1941 መጀመሪያ ፈረንሳይ ላይ ዐረፉ። ደሴ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣና ጣሊያኖቹ ሚሲዮናውያን ሲሄዱ ፕሬፌክቱራው ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። የሐረሩ ቁምስና ግን አልጠፋም። ልዩነቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ ሐረር ላይ ሚሲዮኑ ከወረራው በፊት ግማሽ ምዕተ ዓመት የኖረ፣ የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ የአገሩን ልጆች ካህናትና መምህራን አድርጎ ያወጣ ነበር፤ ደሴ ላይ ግን ከባለ ሥልጣኑ ጋር መጥቶ ከባለ ሥልጣኑ ጋር ሄደ።

ከነጻነት በኋላ የአባ ሳሙኤል ተማሪ ምን እንዳደረጉ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1944፣ በእኛ ነሐሴ 1936፣ የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 3 የሚሲዮኖችን ሥራ የሚመራ ነበር። አገሪቱን በሁለት ከፈላት፦ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢዎችና ክፍት አካባቢዎች። በክፍቶቹ ሚሲዮን መስበክም ማስተማርም ይችላል። በቤተ ክርስቲያን አካባቢዎች ግን የተፈቀደለት ሆስፒታልና ከአንድ ሃይማኖት ወገን ያልሆነ ትምህርት ቤት መክፈት ብቻ ነው፤ በዚያም ሃይማኖት ቢያስተምር ለክርስቲያኖች ሁሉ የጋራ የሆነውን ብቻ ነው፤ የኦርቶዶክሱን ልጅ ከእምነቱ ማስወጣት ክልክል ነው። የማስተማሪያ ቋንቋው በመላ አገሪቱ አማርኛ እንዲሆን፣ ሚሲዮናውያኑም እንዲማሩት ታዘዘ። የቋንቋው ድንጋጌ በክፍቶቹ አካባቢዎች በሌሎች ቋንቋዎች ላይ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ በሐረር ትምህርት ቤት በኦሮምኛ የተጀመረውን ያህል እንኳ ሌላ ቦታ እንዳይሞከር መንገድ ዘግቷል።

ይህን ድንጋጌ ያነበበ ሰው የራስ መኮንንን ክፍፍል በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ያገኘዋል፦ ዕውቀቱን ከካቶሊኩ፣ ሃይማኖቱን ከአገሩ ካህን። ንጉሠ ነገሥቱ የፈሩት ትምህርት ቤቱን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1945 ከካናዳ የመጡት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ኢየሱሳውያን በአባ ሉስየን ማት መሪነት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅንም እንዲያቋቁሙ የታመኑት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው በኮትና በከረባት እንዲያስተምሩ ሆነ። በፋሲለደስ ዘመን የተባረረው ማኅበር ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ የአገሪቱን የመጀመሪያ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሲመራ በከረባት ተሸፍኖ ነበር ማለት ነው፤ የታሪክ ቀልድ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቦሩ ሜዳ ላይም በዚሁ ሕግ ዘመን የፕሮቴስታንቶቹ የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ከፈተ፤ የካቶሊኮችም የፕሮቴስታንቶችም ስብከት በተዘጋበት አገር የሁለቱም ሕክምና በሩ ክፍት ነበር።

በደሴና በኮምቦልቻ ያሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የተቀረጹት በዚህ ልማድ ውስጥ ነው። የእስላሙም የኦርቶዶክሱም ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣል፣ በየእምነቱ ይጾማል፣ በየበዓሉ ይቀራል፤ ወላጆች ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ የሚጠይቁት ስለ መምህራኑና ስለ ሥርዓቱ እንጂ ስለ ሃይማኖቱ አይደለም። ይህ የወሎ ሰው መቻቻል ብቻ ያመጣው አይደለም፤ እርግጥ መቻቻሉ ባይኖር ኖሮ ሕጉ ብቻውን ይህን ያህል አይሠራም ነበር። ሆኖም «ወሎ ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ ማለፍ ይህን ሥርዓት ያቆሙ ሰዎችንና ሕጎችን መዘንጋት ነው።

የቤተ ክርስቲያኒቱ የውስጥ ለውጥም ከዚህ ጋር አብሮ ሄዷል። በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ የግዕዝ ሥርዓት ሊቀ ጳጳሳት መንበር ሆነች፤ አዲግራትም ሀገረ ስብከት ተባለች፤ ወሎ ከአዲስ አበባ ሥር ነበር። በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ካቶሊኮቹ በእርዳታ ሥራ ወሎ ውስጥ በስፋት ታወቁ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም እህሉን ከኦርቶዶክስና ከመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድነት ያከፋፍሉ ነበር። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን በወረሰበት፣ ሃይማኖትን በጥርጣሬ ባየበት ዘመን ይህ የእርዳታ ሥራ ለቤተ ክርስቲያኒቱ መተንፈሻ ሆኗታል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያም ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከትን አቋቋሙ። የደሴ ስም በካቶሊክ መዋቅር ላይ ዳግም ሲጻፍ ከመጋቢት 1929 የተለየው ብዙ ነገር ነው። የመጀመሪያው ለውጭ ሚሲዮናውያን ተሰጥቶ በላቲን ሥርዓት የሚመራ ነበር። የአሁኑ በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድስ፣ ከአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳሳት መንበር ጋር የተያያዘ ሀገረ ስብከት ነው፤ የመጀመሪያው ጳጳሱም አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ፣ ቀድሞ የአዲስ አበባ ረዳት ጳጳስ የነበሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው።